በወተት ሰከረ ስለተባለው የልጅ ልጄ

ለክቡር ሚስተር ግዊሊም ቮን
የፖንትጋሩ ራግቢ ክለብ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም የራስዎን ጤና። ጠዋት ሲነሡ በማን ቤት እንዳደሩ የሚያውቁ፣ መኪናዎን ያቆሙበትን ቦታ ሳይስቱ የሚያገኙ፣ የሞቱትን ካሉት ለይተው የሚጠሩ ሆነው ይሰንብቱ ዘንድ ከልቤ እመኝልዎታለሁ። ሰው ለሰው በወትሮው የሚመኘው እንዲህ ያለውን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ካለፈው ወር ወዲህ ግን ሌላ ምርቃት ከአፌ አልወጣ ብሎኛል።

ስሜ ካይንወን ፕሮሰር ነው። ክለብዎ ሰባት ቁጥር አልብሶ የሚያሰልፈው የቴይሎ ፕሮሰር አያት ነኝ፤ እናቱ ልጄ ነበረች። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ሦስት ዓመቴ፣ በጸሎት ቤታችን አዳራሽ ውስጥ ነውና፣ በአጻጻፌ ጉድለት ቢያገኙ በዘገየ ተማሪነቴ ይለፉልኝ። ሰው ጽፎልኝ ግን አይምሰልዎ። በሰው እጅ መጻፍ የተውኩት ቴይሎ በየቅዳሜው የጨዋታ መጽሔቱን ጭኔ ላይ ዘርግቶ «ይኼን አንብቢልኝ እስቲ፣ እማማ» እያለ ካስጠናኝ ጊዜ ጀምሮ ነው። ያለ ሰው እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያው ቃል የእሱ ስም ነበር።

ለቢሮዎ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። ለቀደሙት ደብዳቤዎቼ ሁሉ መልስ ደርሶኛልና ማመስገን ይገባኛል፦ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ የታተመ የቴይሎ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩም «ስለ ድጋፍዎ እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ። የልጅ ልጄ ምን እንደሚመስል ጠፍቶኝ የጻፍኩ መስሎዎት ከሆነ፣ አሳቢነትዎ ልቤን ነክቶታል። እንግዲህ በዚህኛው ጊዜ በከተማችን ጋዜጣ በኩል መምጣቴን ድፍረት አያድርጉብኝ፤ ክቡርነትዎ የሚያነቡት ጋዜጣ ላይ የወጣውን ብቻ ነው ብለው የሚያውቁዎት ሰዎች ስለ ነገሩኝ ነው።

ልመናዬ አንድ ነው። ደብዳቤው ረዝሞብዎ ሳይደርሱበት እንዳይቀሩ ከወዲሁ ላስቀምጠው። ቴይሎ ሰክሯል ተብሎ የተጣለበት ቅጣት በዚህ ሳምንት ያልቃል፤ ቅዳሜ ሜዳ ይገባል ተብሏል። አያስገቡት። ከክለብዎ ደሞዝ የማይቀበል የአንጎል ሐኪም ጭንቅላቱን እስኪያይለት ድረስ አያስገቡት። ከዚህ በታች በተራ ቁጥር ያሰፈርኩት ሌላው ሁሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ፦ የልጅ ልጄን ሰካራም ስላሉልኝ አመሰግናለሁ።

ሰካራም የተባለበት ቀን እሑድ ነበር። ቴይሎ አሁን የሚኖረው ከስታዲየሙ አጠገብ በተሠራው አዲስ ፎቅ ነው፤ ያደገው ግን እዚህ በሄኦል ኢሳቭ መንገድ፣ ከእኔ ቤት ጥቂት በር አልፎ ባለው ቤት ነው። እናቱ መረሪድ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በቤቱ ዛሬ ሹዋን የምትባል ወጣት ከባሏ ከገራይንትና ከትንሽ ልጃቸው ጋር ትኖርበታለች። ክቡርነትዎ የዚህ ሸለቆ ተወላጅ ነዎትና፣ እኛ ሠፈር የፊት በር የተሠራው ለሰባኪና ለሬሳ ብቻ እንደሆነ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ሳያንኳኳ በጓሮ በር እንደሚገባ አልነግርዎትም።

አመሻሹ ላይ ቴይሎ በዚያ ቤት ጓሮ በር ገባ። የሆነውን ሹዋን ራሷ በማግስቱ እያለቀሰች ነግራኛለች፤ ቃሏን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፦

«እግሩን ጠረገ፣ ጃኬቱን ከበሩ ኋላ ሰቀለ። እኔ ሞኟ ደግሞ ቴይሎ ፕሮሰር ቤቴ መጣ ብዬ በደስታ ልሞት ነው! ‹ሻይ ላፍላልህ?› አልኩት። ‹አፍይልኝ። እማዬ ገና አልመጣችም እንዴ?› አለኝ። ‹አይ አንተ፣ ቀልደኛ ነህ!› ብዬ ስልኬን አወጣሁና ፎቶ አነሣሁት። ልጄን አቅፎ ብስኩት እየቆረሰ አበላው እኮ፣ እማማ ካይንወን! ትንሽ ቆይቶ ‹እማዬ ዛሬስ ቆየች› አለ። አሁንም ሳቅሁ። ሦስተኛ ሲለኝ ግን ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ፤ ጸጉሬ ቆመ።»

በዚህ መሐል ገራይንት ከፈረቃው ገባ። አንድ ግዙፍ ሰው ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከማዕዱ ሲያገኝ «ማነህ አንተ? ልጄን አስቀምጥ!» ብሎ ጮኸ። ቴይሎም ልጁን በቀስታ አስቀምጦ ተነሣና «አንተስ ማነህ? እናቴ ቤት ምን ትሠራለህ?» ብሎ ገፋው። ክለብዎ ሰው መግፋት በሚገባ አስተምሮታልና ገራይንት ከምድጃው ጠርዝ ላይ ወድቆ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ወለሉ ላይ እንደተዘረረ ቀና ብሎ አየውና፣ ሹዋን እንደምትምለው ከሆነ፣ «ቆይ ቆይ… ቴይሎ ፕሮሰር ነህ እንዴ? ምነው ጌታዬ፣ ቀድመህ አትናገርም!» አለ። እኛ የፖንትጋሩ ሰዎች ስንወድ እንዲህ ነው፤ አጥንታችን ተሰብሮ ይቅርታ የምንጠይቀው እኛው ነን።

ተጠርቶ የመጣው ፖሊስም በየቅዳሜው ከእኔ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ደጋፊ ነው። ትንፋሹን መርምረኸዋል ወይ ብዬ ብጠይቀው ገርሞት አየኝ። «ምን ምርመራ ያስፈልገዋል፣ እማማ ካይንወን? ቀኑ እሑድ፣ ሰውየው ራግቢ ተጫዋች፣ የገባው ሰው ቤት። ሌላ ምን ይሆናል?» አለኝ። ክቡርነትዎም በማግስቱ ምሳ ሳይደርስ መግለጫ አወጡ። «ተጫዋቻችን ከመጠን ያለፈ አልኮል በመጠጣት ባሳየው ሥነ ምግባር የጎደለው ድርጊት እናዝናለን፤ ሦስት ጨዋታ ቀጥተነዋል» ይላል። ጋዜጦቹ ደግሞ በበኩላቸው ቤት ሰብሮ ገባ አሉ። ተከፍቶ የሚያድር በር እንዴት እንደሚሰበር ያስረዳኝ የለም።

ሁለተኛ፦ ስለ መርሳትዎ አመሰግናለሁ። በክለቡ ውስጥ የሚረሳው ቴይሎ ብቻ አለመሆኑ ትንሽ አጽናንቶኛል።

ቴይሎ አይጠጣም። ጠጥቶም አያውቅ፤ ሽታው ያጥወለውለዋል። ጓደኞቹ እናቱ ያወጣችለትን ስም ትተው «ወተት» የሚሉት፣ ከድል በኋላ እነሱ ቢራቸውን ሲያነሡ እሱ ወተቱን ስለሚያነሣ ነው። ክቡርነትዎ ራስዎ ባለፈው የገና ግብዣ ላይ የወተት ብርጭቆ ከፍ አድርገው «ለወተታችን! ባራችንን ቢያከስርም ሜዳችንን አክብሯል!» ብለው አዳራሹን በሳቅ አፍርሰውት ነበር። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አጨብጭቤያለሁ። ገናን ያየ ሰው ፋሲካ ሳይደርስ ያን ብርጭቆ መርሳቱ ያሳስባል። ሐኪም ቢያይዎ ምናለ?

ስለ ስሙ ተቆርቁሬ የምከራከር አይምሰልዎ። እዚህ አገር ያሉ አያቶች የልጅ ልጃቸው ጠጪ ሲባል የሚቆጡት ለጎረቤት ወሬ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሮዎ ያለችው ልጅም በስልክ «አይዞዎት እማማ፣ የማይሰክር ወጣት የለም» ብላ አጽናንታኛለች። ክቡር ሆይ፣ ሰክሮ ቢሆን ኖሮ ደስታዬን የት አደርገው ነበር! ጸሎት ቤት መሐል ቆሜ «የልጅ ልጄ እንደ በርሜል ጠጥቶ ሰው ቤት ገባ፣ ተመስገን!» እል ነበር። ስካር በእንቅልፍ ይለቃል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይኼኛው በምን እንደሚለቅ አለማወቄ ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ሐኪምዎ ፈተና አመሰግናለሁ።

ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ገና ሲጀመር፣ ቴይሎ ተጋጣሚውን ይዞ ሊጥል ጎንበስ ሲል የሰውየው ጉልበት ጆሮ ግንዱን አገኘው። ወደቀ። ተነሣ። ከዚያም ቀጥ ብሎ ሄዶ ከተጋጣሚዎቻችን ረድፍ መሐል ገባና እንደ ወንድማቸው ቆመ። ከኋላዬ አንዱ «አይ ወተት! ዛሬስ ቡድን ሊቀይር ነው!» ቢል፣ በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውን ለብዙ ዓመት ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ሐኪምዎ ሮጠው ገቡና ደንቡ እንደሚያዘው ጠየቁት። «የት ነው ያለነው?» በዚያች ሰዓት፣ ክቡር ሆይ፣ በሜዳው ዙሪያ ያለው ሕዝብ በሙሉ የጣሪያው ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ «ፖንትጋሩ! ፖንትጋሩ!» እያለ እየዘመረ ነበር። «ፖንትጋሩ» አለ ልጁ። «በየትኛው አጋማሽ ላይ ነን?» ሰዓቱ ከሐኪሙ ትከሻ በላይ በሰሌዳው ላይ ይታያል። «የመጨረሻውን ነጥብ ማን አስቆጠረ?» የሰውየው ስም ከሰዓቱ ሥር እየበራ ነው። «ባለፈው ሳምንት የገጠማችሁት ማንን ነው?» ይህን እንኳ የሚዘምርለት አልነበረም፤ ግን የቡድኑ አምበል ማክሰን የጫማውን ማሰሪያ ለማጥበቅ ከአጠገቡ በርከክ ብሎ ነበርና ቀስ ብሎ ነገረው። ልጁ ፈተናውን አለፈ። ሕዝቡ አጨበጨበለት። እኔ በእድሜዬ ሙሉ በአንድ ተፈታኝ ጆሮ መልሱን የሚጮህ እንዲህ ያለ ስታዲየም ሙሉ ሰው አይቼ አላውቅም።

የጫማውን ማሰሪያ ነገር ያጫወተኝ ማክሰን ራሱ ነው፤ ጥፋት የሠራ አልመሰለውም። «እማማ፣ ሁላችንም እኮ እንዲህ ነን። ዛሬ እኔ ለሱ፣ ነገ እሱ ለኔ። ጓደኛ አይደለን እንዴ?» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። ልጁን መስደብ አልቻልኩም። ጥሩ ልጅ ነው። ጓደኛውን ገደል አፋፍ ድረስ እጁን ይዞ የሚሸኝ ጥሩ ልጅ ነው።

እኛ አሮጊቶች ፊደል ስንማር አስተማሪያችን ከጎረቤታችን እንዳንገለብጥ በመሐላችን ባዶ ወንበር ታስቀምጥ ነበር። የምንፈተነው «ድመት» ብለን መጻፍ መቻላችንን ነበር፤ ብንሳሳት የሚሞት ሰው አልነበረም። ባዶ ወንበር ለክለብዎ ከብዶ ከሆነ፣ ጸሎት ቤታችን በደስታ ያውሳችኋል።

አራተኛ፦ ስለ ምክር አገልግሎቱ አመሰግናለሁ። ክለብዎ ቴይሎ መጠጥ እንዲያቆም በየሳምንቱ ወደ አማካሪ ይልከዋል። ሴትዮዋም «በሥራ ዘመኔ እንዲህ በፍጥነት የተለወጠ ሰው አላየሁም» ብላ አሞግሳዋለች። ኮርቻለሁ። ያልጀመሩትን ማቆም ለሁሉ ሰው አይሰጥም።

ይቅርታ የጠየቀበትን ቪዲዮም ሠፈሩ ሁሉ አይቶታል። «ሰክሬ ነበር በል፣ ወንድሜ፤ ስካር ያልፋል» ብሎ የመከረው ማክሰን ነው። ቃሉን ያዘጋጀለት የእርስዎ ቢሮ ነው። ያነበበው ቴይሎ ነው። ሲያነብ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ሰው ሁሉ ተጸጽቶ ነው አለ። በዚያ ሳምንት ለእራት እኔ ቤት መጥቶ ሾርባውን አቅርቤለት ጠየቅሁት።

«ያልጠጣኸውን ለምን ጠጣሁ ትላለህ?»

«ሰካራም ከተባልኩ ሦስት ጨዋታ ነው የማጣው፣ እማማ።»

«ታሟል ቢሉህስ?»

ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ አማሰለ፣ አማሰለና «ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ልሠራ ነው? ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሌላ ምን ሠርቼ አውቃለሁ?» አለኝ።

«ትኖራለሃ!»

«አንቺ ደግሞ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አንድ ቀልድ ነገረኝ፤ አንድ ሰባኪ የተጋጣሚ ቡድን ደጋፊ ለመቅበር ስለ መሄዱ። ሳቅሁ። ሳህኑን ሳይጨርስ ያንኑ ቀልድ፣ በዚያው አጀማመር፣ በዚያው የእጅ ውርወራ፣ እንደ አዲስ ነገረኝ። አሁንም ሳቅሁለት።

ሲወጣ ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። «ብትጽፊ፣ እናቴን! ሁለተኛ ደጅሽን አልረግጥም» አለኝ። ይህን የምነግርዎ ደብዳቤው ስንት እንዳስወጣኝ እንዲያውቁልኝ ነው። ልጄን ቀብሬያለሁ፤ የቀረኝ እሱ ነው። ከእኔ ጋር ተኳርፎ ይኑር እንጂ፣ ከእኔ ጋር ታርቆ አይሙት ብዬ ጽፌያለሁ።

አምስተኛ፦ ስለ ታላቅ ወንድምዎ ስለ ኤልዊን ምንም አልጽፍም። ነውር ነው። ኤልዊን ቮን እኔ ወጣት ሳለሁ የዚህ ክለብ ሰባት ቁጥር እንደነበረና እንደ ቴይሎ ወድቆ ሲነሣ እንደምናጨበጭብለት አልጽፍም። ከጸሎት ቤታችን ሴቶች ጋር የአረጋውያኑን መኖሪያ ስንጎበኝ የማየውንም አልጽፍም፤ ትከሻውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እግሩን ወደ ኋላ ተክሎ፣ ግፊያ እንደ ገጠመ ሰው ግድግዳውን ሲገፋ እንደሚውል፤ ነርሷ «በቃ ኤልዊን፣ ፊሽካው ተነፍቷል፣ አሸንፈናል» ስትለው ብቻ እንደሚቀመጥ። ክቡርነትዎ አበባ ይዘው ሲገቡ ዳኛ መስለውት ደንግጦ «ምንም አላጠፋሁም!» እንደሚልዎትም አልጽፍም። እርስዎ ከዚያ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ፊትዎን ወደ መስኮቱ አዙረው ረጅም ጊዜ ሲቆሙ አይቼዎታለሁ፤ ያንንም አልጽፍም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይላሉ። እኔ ግን ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ የተኛ ሰው አላየሁም።

ስድስተኛ ብዬ የጀመርኩት ነበር፤ ትቼዋለሁ። ቁጥር አልቆብኝ አይደለም፤ ምስጋናው ነው ያለቀብኝ።

ልፈራ አልፈልግም፤ በተፈጥሮዬ ቁጡ እንጂ ፈሪ አልነበርኩም። አሁን ግን ስልክ ሲጮህ ከማንሣቴ በፊት ወንበር እይዛለሁ። ከዚያ እሑድ ወዲህ መንገዳችን ላይ ያለ ሰው ሁሉ የጓሮ በሩን መቆለፍ ጀምሯል። ማንንም አልወቅስም፤ ትናንሽ ልጆች አሏቸው። በመቶ ዓመት ያልተቆለፈ በር በአንድ ልጅ ምክንያት ሲቆለፍ፣ ያ ልጅ የኔ ነው። እኔ የኔን አልቆልፍም። ነፋስ ሲከፍተው «ገባ» ብዬ እነሣለሁ። መሳሳቱ ካልቀረ፣ ምናለ ወደ እኔ ቢሳሳት እያልኩ እጸልያለሁ። እንዲህ ያለ ጸሎት በመዝሙር መጽሐፋችን ውስጥ የለም፤ ፈልጌያለሁ።

ከሁሉ የምፈራው ቅዳሜን ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት «ድመት» ብሎ መጻፍ ነው። ነገር ግን የተሰነጠቀ ሳህን ሙቅ ውሃ እንደማይጨመርበት ማንም የቤት እመቤት ታውቃለች። ሁለተኛ ጉልበት ያንኑ ጆሮ ግንድ ቢያገኘው ምን እንደሚሆን ሲያስቡት አይፈሩም? እኔ ሳስበው የሚታየኝ ልጁ ወድቆ ሕዝቡ እየዘመረለት ነው። እንዲነሣ እየዘመረለት። እሱም አልነሣ ብሎ።

ስለዚህ ክቡር ሊቀ መንበር፣ ይቅርታዎን ይንፈጉን። ሰው ይቅር እንዲባል ነው የሚለመነው፤ እኔ ይቅር እንዳይሉት እለምንዎታለሁ። ሦስቱ ጨዋታ አንሷል ይበሉ፤ ሠላሳ ያድርጉት። ስካሩ ካልበቃ ሌላ ይጨምሩበት፤ የክለቡን ዋንጫ ሸጧል ይበሉ፣ ባንዲራችንን ቀዷል ይበሉ፣ ሰባኪያችንን በጥፊ መቷል ይበሉ። ሰባኪውን እኔ አስማማዋለሁ። ምስክር ካስፈለገም አያቱ «አይቻለሁ» ብላ ትፈርማለች፤ አሁን መፈረም እችላለሁ። ስሙን እንደ ፈለጉ ያጉድፉት። ስም ይታጠባል። ከዚያ በስም ማጥፋቱ መሐል፣ ማንም ሳያይ፣ አንድ ቀን ወደ አንጎል ሐኪም ይላኩት።

ከዚህ በላይ ክቡር ጊዜዎን አልሻማም። በየቅዳሜው ከበላይ መቀመጫዎ ሆነው ልጆቻችን ሲወድቁና ሲነሡ በትዕግሥት የሚመለከቱልን፣ የወደቀውን በመግለጫ፣ የተነሣውን በፎቶግራፍ የሚያከብሩልን አባታችን ሆነው እንዲኖሩ፣ መስኮቱ ወደሚታይበት ኮሪደርም እግርዎ ከአበባ ሌላ ምክንያት እንዳያደርስዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በማይገታ ፍርሃት እሰናበትዎታለሁ።

የክለብዎ የዘወትር ደጋፊ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ተቀማጭ፣ የጓሮ በሯን የማትቆልፍ

ካይንወን ፕሮሰር
ሄኦል ኢሳቭ፣ ፖንትጋሩ

ማስታወሻ፦ ከላይ ያለውን ፈርሜ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ልወስደው ኮቴን ሳነሣ ቴይሎ በጓሮ በር ገባ። እግሩን ጠረገ፣ ጃኬቱን ከበሩ ኋላ ሰቀለ። ኩርፊያው ቀርቶ መጣልኝ ብዬ በደስታ ሾርባ አሞቅሁለት። በልቶ ጨረሰና «በጣም ጥሩ ሾርባ ነው፣ እናመሰግናለን» አለ። ቢሮዎ የላከልኝ ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አየውና ፈገግ ብሎ ወደ ራሱ ሳበው፤ ከኪሱ ብዕር አወጣ። «ለማን ብዬ ልፈርምልዎት?» አለኝ።

ቀልዱ መስሎኝ ዓይኑን አየሁት። ቀልድ አልነበረበትም። ትሑት ነበር፤ እንግዳ ሰው ቤት ያለ ጨዋ ልጅ ነበር። «ለካይንወን» አልኩት።

«ቆንጆ ስም ነው» አለ እየጻፈ። «አያቴም ካይንወን ነው ስሟ።»

ጥቂት ቆይቶ ቀና አለና «ምነው እማማ፣ ታለቅሻለሽ እንዴ? አሁንም ያ ደብዳቤ ነው?» አለኝ። ብዕሩ እጁ ላይ ነበር፤ አየውና ደብቆ ኪሱ ከተተው። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ሲፈራም።

ፎቶግራፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ሌላ መግለጫ ማውጣት ካማረዎ፣ ዛሬ የጠጣው የበግና የባሮ ሽንኩርት ሾርባ መሆኑን በትክክል ያስጽፉልኝ። ሐኪምዎም ቅዳሜ «የት ነው ያለነው?» ብለው ሲጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጨምሩልኝ። የቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ጥቁር ኮት ለብሳ ወደ ተቀመጠችው አሮጊት ያመልክቱና ማን እንደሆነች ይጠይቁት። ይህን መልስ ሕዝቡ አይዘምረውም።